የኅዋ ማቀዝቀዣዎችን መሠረት የጣሉት ሊቅ

በኅዋ ላይ የሙቀት ጨረር የሚለኩ ቴሌስኮፖች እጅግ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ያስፈልጋቸዋል። ያለበለዚያ የራሳቸው ሙቀት ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ደካማ ጨረር ይሸፍንባቸዋል። ለዚሁ ማቀዝቀዣ የሚያገለግለውን ሂሊየም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈሳሽነት የለወጡት ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ ናቸው።

ፕሮፌሰር ኦነስ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1853 በግሮኒንገን ከተማ ከአንድ የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ተወለዱ። በትውልድ ከተማቸውና በጀርመን ሃይደልበርግ ከተማሩ በኋላ፣ በ1882 በ29 ዓመታቸው በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። እውቀት የሚገኘው በትክክለኛ ልኬት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

ሥራቸው ግን በ1895 እክል ገጠመው። ላይደን በ1807 ባሩድ የጫነ ጀልባ ፈንድቶ ብዙ ነዋሪዎቿን ያጣች ከተማ በመሆኗ፣ በቤተ ሙከራው የሚገኘው የታመቀ ጋዝ ለባለሥልጣናቱ ስጋት ፈጠረ። ጉዳዩ በኮሚሽን ተጣርቶ ሥራው እንዲቀጥል የተፈቀደው በ1898 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ተፎካካሪያቸው ጄምስ ደዋር በለንደን ሃይድሮጅንን ወደ ፈሳሽነት በመለወጥ ቀደሟቸው።

ፕሮፌሰሩ ተስፋ ሳይቆርጡ በ1901 የመሣሪያ ሠሪዎችና የብርጭቆ ነፊዎች ማሠልጠኛ አቋቋሙ። የንግድ መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ወንድማቸውም ሂሊየም የሚወጣበትን አሸዋ ከአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና በማስመጣት ረዷቸው። ጁላይ 10 ቀን 1908 ከማለዳ እስከ ምሽት በዘለቀ ሙከራ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሂሊየም ተገኘ። በ1911 ደግሞ በዚሁ ቅዝቃዜ ሜርኩሪ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ እንደሚያስተላልፍ ደረሱበት። በ1913 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ኦነስ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1926 በ72 ዓመታቸው አረፉ።

ሆላንድ፣ አሜሪካና ብሪታንያ በጋራ በ1983 ያመጠቁት አይራስ ቴሌስኮፕ በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዝ ስለነበር ሂሊየሙ ሲያልቅ ከ10 ወራት በኋላ ሥራውን አቁሟል። በ2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ አንደኛው መሣሪያ ግን ያንኑ የሂሊየም ጋዝ መልሶ መላልሶ በሚያዘዋውር ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ እንዲደርስ ተደርጓል።