ኪይቺሮ ቶዮዳ

ኪይቺሮ ቶዮዳ (ሰኔ 5 ቀን 1886 ዓ.ም. ተወልዶ መጋቢት 18 ቀን 1944 ዓ.ም. ያረፈ) ጃፓናዊ መሐንዲስና የቶዮታ መኪና ኩባንያ መሥራች ነበር። በኢትዮጵያ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራውን የማያውቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በሁምቦ ወረዳ ጠበላ ከተማ በኩል ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መንገድ ሰውና ጭነት ከሚያመላልሱት ሚኒባሶች፣ ፒካፖችና አሮጌ የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ቶዮታ ናቸው። ቶዮታ ዛሬ ቶሎ የማይበላሽ፣ ቢበላሽም በቀላሉ የሚጠገን መኪና ተብሎ ይታወቃል። የኪይቺሮ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ግን እንዲህ አልነበሩም፤ በየመንገዱ እየተሰበሩ ይቆሙ ነበር። ሕይወቱን ለማወቅ የሚያስፈልገውም በአብዛኛው ይህ ነው፦ የተሰበረውን መኪና ምን አደረገው?

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኪይቺሮ የተወለደው በሺዙኦካ ግዛት፣ በዛሬዋ ኮሳይ ከተማ ነው። አባቱ ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጢ ልጅ ሲሆን በሽመና ማሽን ፈጠራው በጃፓን ስመ ጥር ነበር። ሳኪቺ ሌት ተቀን ከማሽኑ ስለማይለይ ትዳሩ አልጸናም። እናቱ ታሚ ልጇ ገና ሕፃን ሳለ ቤቱን ጥላ ሄደች፤ ኪይቺሮም በመጀመሪያ በአያቶቹ እጅ፣ ኋላም ከእንጀራ እናቱ ጋር አደገ። በ1920 ከቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቆ በአባቱ የፈትልና የሽመና ኩባንያ ሥራ ጀመረ።

የሽመና ማሽኑ

የቶዮታን አሠራር ለመረዳት ከሽመና መነሳት ይሻላል። በወላይታም ሆነ በአጎራባቹ በጋሞ ሽመና የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ሸማኔ ማጉን በመወርወሪያ በድሩ መሐል እያሳለፈ ሲሠራ ክር ቢበጠስ ያየዋል፤ ቆም ብሎ ይቀጥለዋል። በሞተር የሚሠራ ማሽን ግን ዓይን የለውም። ክሩ ከተበጠሰ በኋላም ዝም ብሎ መሥራቱን ስለሚቀጥል የተበላሸ ጨርቅ ያወጣል። ስለዚህ በየማሽኑ አጠገብ አንድ ሠራተኛ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ሳኪቺ በ1896 የሠራው ማሽን ማጉ ሲበጠስ ራሱን በራሱ የሚያቆም ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። ስህተት ሲፈጠር ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ተጠግኖ ይቀጥላል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥም ስህተቱን ደብቆ ከሚቀጥል ኮድ ይልቅ ስህተቱ ላይ የሚቆም ኮድ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኪይቺሮ ከአባቱ ጋር ሆኖ በ1924 ዓይነት ጂ የተባለውን አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ለፍጻሜ አበቃ። ይህ ማሽን ክሩ ያለቀበትን መወርወሪያ ሥራውን ሳያቋርጥ በሌላ ይተካል። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የማሽኑን የፈጠራ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። መኪናው የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው የሚል ታሪክ ደጋግሞ ይጻፋል፤ መኪና ለመሥራት የፈሰሰው ገንዘብ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነበር። ሳኪቺ በጥቅምት 1930 ሞተ።

ከሽመና ወደ መኪና

በ1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን ሲያወድም የባቡርና የትራም መስመሮች ተቆራረጡ። ከተማዋ ለመጓጓዣ የፎርድ መኪኖችን ከአሜሪካ አስመጣች። ፎርድ የጃፓንን ገበያ አይቶ በ1925 በዮኮሃማ፣ ጀነራል ሞተርስም በ1927 በኦሳካ መገጣጠሚያ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ጃፓን ውስጥ የሚታየው መኪና ከሞላ ጎደል የአሜሪካ ሆነ። መኪናው ሲበላሽ መለዋወጫውም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነበር።

ኪይቺሮ ከ1930 ገደማ ጀምሮ በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ ትንሽ ሞተር እየፈታ ማጥናት ጀመረ። በመስከረም 1933 በፋብሪካው የመኪና ክፍል ተቋቋመ። ከዚያም አንድ አዲስ ሸቭሮሌ ተገዝቶ ብሎን በብሎን ተፈታ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ተለካ፣ ንድፉ ተነሳ፣ የብረቱ ዓይነት ተመረመረ። መኪና ፈትቶ መገጣጠም ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ የሚችለው ነው። ችግሩ ያንኑ ዕቃ እንደገና መሥራቱ ላይ ነበር። ከሁሉ ያስቸገረው የሞተሩ ብሎክ ነው። የሲሊንደሩና የውኃው መተላለፊያ ክፍተት የሚወጣው በአሸዋ ቅርጽ ዙሪያ የቀለጠ ብረት በማፍሰስ ሲሆን፣ የሽመና ማሽን ዕቃ ማቅለጥ የለመዱት ሠራተኞች ያወጡት ብሎክ ደጋግሞ ተበላሸ። አሸዋውን በዘይት እየለወሱ፣ እየጣሉና እንደገና እያቀለጡ ቆዩ። በመስከረም 1934 ዓይነት ኤ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር ሞተር ተሠርቶ አለቀ። መጀመሪያ ሲሞከር ጉልበቱ ከሸቭሮሌው አነሰ፤ ቴስታታው ተሻሽሎ ወደ 60 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

የኪይቺሮ አንድ ውሳኔ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ሞተሩ ሲነደፍ ዕቃዎቹ ከሸቭሮሌ ዕቃዎች ጋር እንዲቀያየሩ ተደርጎ ነበር። በወቅቱ በየጋራዡ የነበረው መለዋወጫ የአሜሪካ ስለነበር አዲሱን መኪና የገዛ ሰው ዕቃ አጥቶ እንዳይቆም ታስቦ ነው። የራሱን ስም የያዘ ሞተር ለመሥራት ለሚጓጓ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

በየመንገዱ የቆመው ጂ1

በግንቦት 1935 የመጀመሪያው የሙከራ የቤት መኪና ተጠናቀቀ። ሆኖም መንግሥት በይበልጥ የሚፈልገው የጭነት መኪና ስለነበር ጂ1 የተባለው ካሚዮን በጥድፊያ ተሠርቶ በኅዳር 1935 በቶኪዮ ለሕዝብ ቀረበ። ለዝግጅቱ ከካሪያ ፋብሪካ ወደ ቶኪዮ ሲነዱ ከመኪኖቹ የአንዱ የመሪ ክንድ መንገድ ላይ ተሰብሮ እዚያው መጠገን ነበረበት። የቀረው ታሪክም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ገዢዎች ጭነት ሲጭኑበት የኋላ አክስሉ ይሰበር፣ ካምቢዮው ይበላሽ ነበር።

ኩባንያው መኪናው ደካማ መሆኑን ያውቅ ስለነበር በመላ አገሪቱ ለመሸጥ አልቸኮለም። ሽያጩ መጀመሪያ የተወሰነው ለፋብሪካው ቅርብ በሆነው በአይቺ ግዛት ነው፤ ሲበላሽ ቶሎ ለመድረስ ነበር። ከጀነራል ሞተርስ የመጣው የሽያጭ ኃላፊ ሾታሮ ካሚያ ዋጋውን ከአሜሪካ ካሚዮኖች በታች አደረገው፤ ለኩባንያው ኪሳራ ነበር። መኪና ቆመ ሲባል የፋብሪካው ሰዎች በሌሊትም ቢሆን ይሄዱ ነበር። ኪይቺሮ ራሱም አብሮ ሄዶ የተሰበረውን ይመረምር ነበር። የተሰበረው ዕቃ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ የተሰበረበት ምክንያት ይጠናል፣ ቀጣዩ መኪና በተሻለ ዕቃ ይወጣል። ጋራዥ ውስጥ ጥገና የሚያበቃው መኪናው ሲነሳ ነው፤ እዚህ ግን ያኔ የሚጀመር ሌላ ሥራ ነበር።

ስለ ኪይቺሮ በፋብሪካው ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አንድ ሠራተኛ መሳሪያው እምቢ ብሎት ቆሞ ሲያሰላስል ኪይቺሮ ደረሰ፤ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን በማሽኑ የዘይት ሳህን ውስጥ ከተተና ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ በሁለት መዳፉ አወጣ። እጁን ሳያቆሽሽ ስለ ማሽን መናገር የሚፈልግ መሐንዲስ በእሱ ዘንድ ቦታ አልነበረውም።

ኩባንያው፣ ጦርነቱና መውደቁ

በ1936 የቤት መኪናው ኤኤ ለገበያ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት የመኪኖቹ ስም ቶዮዳ ከሚለው የቤተሰብ ስም ወደ ቶዮታ ተለወጠ። ቶዮታ ሞተር ኩባንያ በነሐሴ 1937 ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ የእህቱ ባል ሪዛቡሮ ሲሆን፣ ኪይቺሮ ምክትል ሆነ፤ ፕሬዚዳንት የሆነው በ1941 ነው። በ1938 በኮሮሞ በተከፈተው ፋብሪካ ዕቃ ሁሉ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልግ መጠን ብቻ እንዲደርስ የሚያዝ አሠራር ጀመረ። ጦርነቱ አቋረጠው፤ ኋላ ታይቺ ኦኖ አዳብሮት በዓለም የታወቀ ሆነ። ኮሮሞ ከተማም በ1959 ስሟ ቶዮታ ተባለ።

የኩባንያውን መጀመሪያ ያቆመው የጦር ሠራዊቱ ግዢ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጃፓን በ1937 ቻይናን በወረረች ጊዜ ሠራዊቱ ካሚዮኖቹን በብዛት ገዛ። በጦርነቱ ማብቂያ ዋዜማ፣ በነሐሴ 14 ቀን 1945፣ የኮሮሞ ፋብሪካ በቦምብ ተመታ።

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ኢኮኖሚ ሲደቅ ኩባንያው መኪና ቢሠራም ገንዘቡን የሚከፍለው አጣ። በ1949 መጨረሻ ሊከስር ተቃረበና ባንኮች ተባብረው አዳኑት። ሠራተኛ እንደማይቀንስ ቃል ገብቶ የነበረው ኪይቺሮ በ1950 የጸደይ ወራት 1,600 ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲለቁ ለመጠየቅ ተገደደ። አድማው ለሁለት ወር ያህል ቆየ። የደም ግፊት ሕመምተኛ የነበረው ኪይቺሮ ለሠራተኞቹ ስንብት ኃላፊነቱን ወስዶ በሰኔ 5 ቀን 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ከሃያ ቀን በኋላ የኮሪያ ጦርነት ተጀመረ፤ የአሜሪካ ጦር የካሚዮን ትእዛዝ ኩባንያውን ከሞት አፋፍ መለሰው። በ1952 መጀመሪያ ተተኪው ታይዞ ኢሺዳ ቦታውን እንዲረከብ ጠየቀውና ኪይቺሮ ተስማማ። ሥራውን ሳይጀምር፣ መጋቢት 27 ቀን 1952፣ በአንጎል ደም መፍሰስ በ57 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ሾይቺሮና የልጅ ልጁ አኪዮ በየተራቸው ኩባንያውን መርተዋል።

አሮጌ ቶዮታ በኢትዮጵያ

ኮሮላ የተባለው መኪና የወጣው ኪይቺሮ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው። በኢትዮጵያ ዲኤክስ ተብሎ የሚጠራው የኮሮላ ዓይነት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቢሠራም እስካሁን በመንገድ ላይ ይታያል። ብዙዎቹ ካርቡራተር ያላቸው፣ ኮምፒዩተር የሌለባቸው ናቸው። ካንዴላ ለመቀየር፣ ፍሪሲዮን ለማስተካከል፣ ካርቡራተር ፈትቶ ለማጠብ ከቁልፍና ከልምድ ሌላ ብዙ አይፈልጉም።

በሁምቦ በኩል ያለው መንገድ ለአሮጌ መኪና ጥሩ ፈተና ነው። አባያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ሶዶ ግን በደጋማው ተራራ ዳሞታ ሥር ነች። ወደ ቆላው ሲወረድ ፍሬን ይግላል፤ ከሙቀቱ ተነስቶ ወደ ሶዶ ሲወጣ ደግሞ ራዲያተር ይፈላል። ራዲያተሩ የዛገ ወይም የደፈነ መኪና ውኃ እየተጨመረለት ብቻ ከተነዳ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ያን ጊዜ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት። ወጪው ራዲያተሩን በጊዜ ከማጽዳት ብዙ እጥፍ ነው፤ መኪናው ጋራዥ በቆመበት ቀን ሁሉ ደግሞ ባለቤቱ ገቢ የለውም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በመሆኑም ያለውን ጠግኖ መንዳት የብዙ ባለ መኪና ብቸኛ አማራጭ ሆኗል። ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ የቀረበ አሮጌ ዲኤክስ ከውጭ ሲታይ አንድ መኪና ቢመስልም፣ ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ በሩ ከሦስተኛው የመጣ ሊሆን ይችላል። የዓመታት ልዩነት ቢኖራቸውም ብዙዎቹ ዕቃዎች ይገጥማሉ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ የሚሄደው፣ ከተዘረጋው ጋር እያስተያየ እኩያውን ለመምረጥ ነው።