የዱክ ካሃናሞኩ ወርቅ

የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ ከሞተ ብዙ ጊዜ የሆነውን የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ የሚል ነበር። አንድ ቅድመ ሁኔታም አከሉበት፤ ጥቅስ የሚባል ነገር እንዳይገባ። ሟች ተነስቶ እኔ እንዲህ አላልኩም ስለማይል አፉ ውስጥ ቃል ማስገባት ቀላል ነው በማለት ምክንያታቸውን አስረዱን። ከክፍላችን ተማሪ አብዛኛው አበበ ቢቂላን ሲመርጥ እኔ ዋናተኛ መረጥኩ። ዋና የማትችይ ልጅ ዋናተኛ ምን ያደርግልሻል ብለው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ግን ምክንያት ነበረኝ። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእኛው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳድሮ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲገባ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ነበር። ያኔ ልጅ ብሆንም የወረደበት ፌዝ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ታዲያ ለቤት ሥራው የድሮ ውጤቶችን ሳገላብጥ የ1912ቱን የስቶክሆልም ኦሊምፒክ አየሁ። በዚያ ውድድር ሦስተኛ የወጣው 1 ደቂቃ ከ5.6 ሰከንድ ነው የገባው። በሮቤል ሰዓት ነሐስ ይገኝ ነበር ማለት ነው! ለነገሩ ያኔ የተዋኘው እንደ ሪዮ ባለ ዘመናዊ ገንዳ ሳይሆን በባሕር ወሽመጥ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን ማወዳደር ልክ አይደለም። ብቻ እሱን እያየሁ ሳለ የአሸናፊው ስም ዓይኔን ያዘው፤ ዱክ ካሃናሞኩ።

ዱክ ኦገስት 24 ቀን 1890 ሆኖሉሉ ውስጥ ተወለደ። ዱክ በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት ስለሆነ ማዕረግ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአባቱ የወረሰው ስሙ ነው። አባቱ በ1869 ሲወለዱ የእንግሊዙ የኤዲንብራ መስፍን ሃዋይን እየጎበኘ ስለነበር በእሱ ተሰየሙ። ኋላም ፖሊስ ሆኑ። ዱክ ለዘጠኝ ልጆች የበኩር ልጅ ነው።

እሱ ሲወለድ ሃዋይ የራሷ ንጉሥና የራሷ ባንዲራ ያላት አገር ነበረች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳን ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 1893፣ እዚያ የከበሩ ነጋዴዎችና የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ከአሜሪካ የጦር መርከብ በወረዱ ወታደሮች እየታገዙ ንግሥት ሊሊዩኦካላኒን ከዙፋናቸው አወረዷቸው። ኦገስት 12 ቀን 1898 ደግሞ የሃዋይ ባንዲራ ወርዶ የአሜሪካ ተሰቀለ። ዱክ ስምንት ዓመት ሊሞላው 12 ቀን ቀርቶት ነበር። ይህን የምጽፈው ፖለቲካ ለመጨመር ብዬ አይደለም፤ ሰውየው ኋላ ዓለም ሁሉ ያጨበጨበለት በወሰደችው አገር ማልያ ስለሆነ ነው።

ያደገው ዋይኪኪ ባሕር ዳር ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ ቤተሰቡን ለመርዳት ያገኘውን ይሠራ ጀመር፤ ትርፍ ጊዜውን በሙሉ ግን ውሃ ውስጥ ነበር የሚያሳልፈው። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት፣ አሁን ሰርፊንግ የምንለው ማለት ነው፣ የሃዋያውያን የጥንት ጨዋታ ነው፤ በእሱ ልጅነት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ዱክና ጓደኞቹ ሁዊ ናሉ የሚባል የማዕበል ክበብ አቋቋሙ። አሠልጣኝ የላቸውም፣ ገንዳም የላቸውም።

ኦገስት 12 ቀን 1911፣ ባንዲራው በወረደ ልክ በ13ኛ ዓመቱ፣ የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር የሚያውቀው የመጀመሪያው የዋና ውድድር ሃዋይ ውስጥ ተካሄደ። ቦታው የሆኖሉሉ ወደብ፣ መርከብ በሚቆምበት በሁለት መድረኮች መካከል ነበር። ዱክ 100 ያርድ በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። የዓለም ክብረ ወሰኑን በ4.6 ሰከንድ አሻሻለው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ በዋና ክብረ ወሰን በሰከንድ ሽራፊ ነው የሚሰበረው። ዳኞቹ ራሳቸው ሰዓታቸውን ማመን ስላቃታቸው ርቀቱን ደጋግመው አስለኩ። ልክ ነበር። ውጤቱ ወደ ማኅበሩ ተላከ፤ ማኅበሩ ግን አልመዘገበውም። የያዛችሁት ምናልባት የደወል ሰዓት ይሆናል ተባሉ ይባላል፤ ቀጥሎም የባሕሩ ሞገድ ገፍቶት ነው የሚል ምክንያት መጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ጠይቄ ነበር። ያኔ የአንድ ጋዜጣ ሪፖርተር ብሆንና ከሩቅ ደሴት እንዲህ ያለ ቁጥር ቢደርሰኝ አምን ነበር ወይ? እውነቱን ለመናገር እኔም ስህተት ነው ብዬ የምተወው ይመስለኛል። ስለዚህ በማኅበሩ ላይ ለመፍረድ እጄ ከበደኝ። ቢሆንም ልጁ ከኒውዮርክ ቢሆን ኖሮ የደወል ሰዓት ትዝ የሚለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የሆኖሉሉ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ1912 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ላኩት። ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ መዋኘት፣ ግድግዳ ነክቶ መታጠፍ፣ ቅዝቃዜው፣ ሁሉም አዲስ ሆነበት፤ ጡንቻው ተሳስሮ ከውድድር የወጣበትም ጊዜ አለ። ለመደውና ለስቶክሆልም የሚሄደው ቡድን ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስቶክሆልም ዱክ ማጣሪያዎቹን በቀላሉ አለፈ። የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ግን እሱና ሌሎቹ ሁለት አሜሪካውያን ዋናተኞች አልተገኙም። የቡድን መሪዎቻቸው ተሳስተው መዋኘት አያስፈልጋቸውም ብለው ነበር። ውድድሩ ያለ እነሱ ተካሄደ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ያልቀረበ ወጣ።

እዚህ ላይ ሴሲል ሂሊ የሚባል አውስትራሊያዊ ይመጣል። ሂሊ ያኔ ዕድሜው 30 ነው። በ1906 በአቴንስ በዚሁ 100 ሜትር ሦስተኛ ወጥቷል። ጎበዝ የሚባሉት አሜሪካውያን ሳይደክም ከፊቱ ዞር አሉለት። በእርግጥ ቀደም ብሎ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ጀርመናዊው ኩርት ብሬቲንግ ስለነበር ወርቁ ኪሱ ገብቷል ማለት አይቻልም፤ ግን እጁ ሊደርስበት የሚችል ነገር ሆኗል። ቤቱ መልስ፣ ተኛ፣ ነገ ዋኝ፤ ማንም አይወቅሰውም። ሂሊ ግን አሜሪካውያኑ ዕድል እንዲሰጣቸው ግንባር ቀደም ሆኖ ከዳኞች ጋር የተከራከረ ሰው መሆኑን ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። ዳኞቹ ተስማምተው ተጨማሪ ግማሽ ፍጻሜ አዘጋጁ። ዱክ በዚያች ተጨማሪ ማጣሪያ 1 ደቂቃ ከ2.4 ሰከንድ ገባ። የብሬቲንግን ክብረ ወሰን ተስተካከለ ማለት ነው።

ጁላይ 10 ቀን ፍጻሜው ተካሄደ። ዱክ 1 ደቂቃ ከ3.4 ሰከንድ፣ ሂሊ 1 ደቂቃ ከ4.6 ሰከንድ፣ ሦስተኛ ደግሞ አሜሪካዊው ኬኔት ሁዛግ። ብሬቲንግ አራተኛ ሆነ። እንግዲህ አስሉት፤ ያቺ ተጨማሪ ማጣሪያ ባትኖርና የተቀሩት በዚያው ቅደም ተከተል ቢገቡ አንደኛ የሚሆነው ሂሊ ነበር። ወርቁን የቀማው ራሱ ያስገባው ሰው ነው። ደግነቱ ሂሊ በ4 በ200 ሜትር ቅብብል ከቡድኑ ጋር ወርቅ አግኝቷል፤ ያኔ ደግሞ ሁለተኛ የወጣው ዱክ ያለበት የአሜሪካ ቡድን ነው።

ጽሑፌን የጀመርኩት ስለ ዱክ ነው፤ እየጻፍኩ ግን ሂሊ እየጎተተኝ ተቸገርኩ። ለመምህራችን ሄጄ ባለታሪኬን ልቀይር ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ታዋቂ ሰው ነው ያልኩት ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ሂሊን ባለችኝ ቦታ ልጨርሰው፤ በ1915 ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፣ ኦገስት 29 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ግንባር በጥይት ወደቀ። ጦርነቱ ያበቃው ከ74 ቀን በኋላ ነው።

ዱክ ከስቶክሆልም በኋላ ስሙ ናኘ። በ1914 መጨረሻ ወደ ሂሊ አገር ወደ አውስትራሊያ ተጋበዘ። ሲድኒ አጠገብ ፍሬሽዋተር በሚባል ባሕር ዳር ከዚያው ካገኘው እንጨት ሰሌዳ ጠርቦ በማዕበል ላይ ሲንሸራተት ሕዝብ ወጥቶ አየው። ሰሌዳው እስከዛሬ እዚያው ፍሬሽዋተር ተጠብቆ ይገኛል። በጃንዋሪ 1915 በሲድኒ 100 ያርድ በ53.8 ሰከንድ ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በሆኖሉሉ ወደብ ካልታመነለት 55.4 እንኳ ይፈጥናል። ያቺን ቁጥር ሳይ፣ ልዋሸው አልችልም፣ ደስ አለኝ።

በ1916 በርሊን ላይ ሊደረግ የነበረው ኦሊምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። ዱክ ያኔ 25 ዓመቱ ነበር፤ የዋናተኛ ምርጥ ዕድሜ እንዲሁ አለፈው። እንደገና በኦሊምፒክ የታየው በ1920 አንትወርፕ ላይ ሲሆን ፍጻሜው የዋለው በ30ኛ ዓመት የልደት ቀኑ ነበር። 1 ደቂቃ ከ0.4 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ። ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ አንድ አውስትራሊያዊ ዋናተኛ መንገዴ ተዘጋብኝ ብሎ አቤቱታ አቀረበና ፍጻሜው ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዲደገም ተወሰነ። ዱክ ድጋሚ ገብቶ ድጋሚ አሸነፈ። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም የሃዋይ ልጆች ናቸው። ያ ሰሞን የሂሊ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር። ዱክ አስቦት ይሁን አይሁን እኔ አልጽፍም፤ ቀኑን ብቻ ነው የምጽፈው።

በ1924 ፓሪስ ላይ ዱክ 34 ዓመት ሊሞላው ነበር። ጆኒ ዌይስሙለር የሚባል የ20 ዓመት ወጣት በ59 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ዌይስሙለርን በፊልም ታርዛን ሆኖ ስለሠራ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ዱክ ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ሦስተኛ ሆኑ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሰገነት ላይ!

ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ በፊልም ይሠራ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ጥቃቅን ቦታ ነው፣ አንዴ የጎሳ አለቃ፣ አንዴ ሌላ ባዕድ። የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኖም መልኩን አይቶ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚያደርገው አልነበረም።

ሌላው ሁሉ ቢዘለል ጁን 14 ቀን 1925 አይዘለልም። በካሊፎርኒያ ኒውፖርት አጠገብ ቴልማ የምትባል ጀልባ በከባድ ማዕበል ተገለበጠች። ዱክ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ዳር ነበር። ሰሌዳውን ይዞ ገባ። ሰው እየጫነ አወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ገባ። በዚያ ቀን 17 ሰዎች ሞቱ፤ ከዳኑት 12 ውስጥ ስምንቱን ያወጣቸው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኞች ሰሌዳን ለሥራቸው መጠቀም ጀመሩ። እዚያ ሰዓት የያዘ ዳኛ አልነበረም፣ ሜዳሊያም አልነበረም። እኔ ብጠየቅ ግን ከሦስቱ ኦሊምፒኮች ይልቅ ለዚህ ቀን ነበር ሰፊ ገጽ የምሰጠው።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ወደ ሆኖሉሉ ተመልሶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። ሻምፒዮን የነበረ ሰው ቤንዚን ሲቀዳ ማየት ለአገሩ ሰው ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም፤ እኛም አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1934 የሆኖሉሉ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ፤ ሹመቱ እስከታጠፈበት እስከ 1961 ድረስ እየተመረጠ ቆየ። በ1940 ናዲን አሌክሳንደር የተባለች የዳንስ መምህርት አገባ። ሃዋይ በ1959 የአሜሪካ 50ኛ ግዛት ስትሆን እሱ 69ኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር፤ ንጉሥ ያለበት አገር ውስጥ ተወልዶ ይህን ለማየት ከበቁት አንዱ ነው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1968 በልብ ድካም በ77 ዓመቱ አረፈ። አመዱ ዋይኪኪ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተበተነ። በ1990፣ በተወለደ በ100ኛ ዓመቱ፣ እዚያው ዋይኪኪ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ባሕሩ ያደረገ ነው። የባሕር ሰው ለባሕር ጀርባ አይሰጥም ብለው የአገሩ ሰዎች ተከራክረውበታል። ሐውልቱ ግን አልዞረም፤ ቱሪስቶች እጁ ላይ የአበባ ጉንጉን እያንጠለጠሉ ፎቶ ይነሳሉ።