ኦኔሲሞስ ነሲብ ወንጌልን ለወገናቸው እንዴት አደረሱ



ስለ እምነቱ ለጎረቤቱ ወይም ለትምህርት ቤት ጓደኛው እንዲናገር ሲጠየቅ፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም፣ መድረክም የለኝም ብሎ የሚመልስ ከመካከላችን አይጠፋም። ይህን መልስ ስንሰማ የአንድ አባት ሕይወት ትዝ ይለናል። እኚህ አባት ሰባኪ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ እንዳይሰብኩ ተከልክለው አሥር ዓመት ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደ ሠሩ ለማወቅ ታሪካቸውን ከመነሻው እንይ። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸውን ገና በአራት ዓመታቸው በሞት አጡ። በ1869 ገደማ ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዷቸውና ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። እዚያም ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠምቀው ኦኔሲሞስ ተባሉ። ወደ ፊልሞና የተላከውን መልእክት ያነበበ ወጣት ይህ ስም ለእርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማማ ያስተውላል።

ከዚያም ስዊድን አገር ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተማረ ሰው በወደብ ከተማ ተደላድሎ መኖር አያቅተውም ነበር። የኦኔሲሞስ ልብ ግን በወገናቸው ላይ ነበረ። እንደ ተመለሱ ወዲያው በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ከተነሡት መንገደኞች ጋር ተጓዙ፤ ጉዞው ግን አሶሳ ላይ ተገታ። እርሳቸውም በንዳድ ታመው በ1882 ካርቱም ደረሱ። በ1886 ሁለተኛ ጊዜ ተነሥተው እንጦጦ ድረስ መጡ፤ ከንጉሥ ምኒልክ ፈቃድ ስላላገኙ እንደ ገና ወደ ምጽዋ አጠገብ ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

መንገዱ ሲዘጋ ሥራው አልቆመም። ሰውየው መሄድ ባይችሉም መጽሐፉ ይሄዳል በሚል ተስፋ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎማቸውን ቀጠሉ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ስለ ሆነ፣ ለዚህ ለከባድ ሥራ የሚበቃ ቃል ሁልጊዜ አልተገኘላቸውም። በዚህ የረዳቻቸው አስቴር ገኖ ናት። አስቴርም በባርነት ተሽጣ በ1886 ነጻ የወጣች ወጣት ስትሆን፣ ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ሳይቀር ጻፈች። እኛ በጣም የምንወደው ይህን የታሪኩን ክፍል ነው። ቤዛ፣ ጸጋ፣ ጽድቅ የምንላቸው ቃላት በዚህ አዳራሽ ለምናድገው ቀላል ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ላለችው ጎረቤታችን ግን ምን ይነግሯታል? አስቴርና ኦኔሲሞስ ዓመታት የደከሙት የእናት ቤት ቋንቋ ለማግኘት ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስቾና ታተመ። ሁለቱ በአንድነት ያዘጋጁት የንባብ መማሪያም በ1894 ወጣ።

በመጨረሻ በ1904 ኦኔሲሞስ ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ከተነጠቁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር! በኦሮምኛ ሲሰብኩ ሕዝቡ በደስታ አደመጣቸው። ይሁን እንጂ የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸውና በ1906 ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲጋዙም ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳይሰብኩ ግን አዘዟቸው።

እንግዲህ ከመግቢያችን ላይ የተነሣው ጥያቄ እዚህ ይደርሳል። ኦኔሲሞስ ትእዛዙን ተቀብለው ወደ ትምህርት ቤታቸው ገቡ። አስቴርም አብራቸው አስተማረች። አንድ ሕፃን ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ሲችል በገዛ ቋንቋው የሚያገኘው መጽሐፍ ምን እንደ ነበረ እናስብ። ማታ ቤቱ ገብቶ እሳት ዳር ለእናቱ ሲያነብላት፣ እንዳይሰብክ የተከለከለ ማን ነው? ይህ ዘዴ አልነበረም፤ ኦኔሲሞስ ከፊታቸው የቀረላቸውን ሥራ በታማኝነት ሠሩ እንላለን እንጂ። ዳግመኛ እንጋዛለን የሚል ስጋትም አልተለያቸውም ነበር፤ ቢሆንም ከነቀምት አልሸሹም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ፈቃዱ ስላልተሻረ፣ ኦኔሲሞስ መጻሕፍቱን እያደሉና እየሰበኩ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ። ሕዝቡም አባ ገመቺስ እያለ ይጠራቸው ነበር። ሰኔ 21 ቀን 1931 አረፉ፤ ዕለቱም እሑድ ነበር።