የቁንጫን መልክ ያሳየን ሮበርት ሁክ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ የደረሰ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቢበዛ ጅባራን ነው። ጅባራው ላይ ያረፈችውን ዝንብ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አንዳንዱ ቢያያትም ስልኩን አስጠግቶ ሲያነሳት ቅጠሉ ጠርቶ ዝንቧ ትደበዝዝበታለች። በዚህ እትም የምናቀርበው ሰው ካሜራ ከመፈልሰፉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይህንኑ ችግር ታግሎ ያሸነፈ ነው። ሁላችንም ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በፊዚክስ ትምህርት በሞላ ሕጉ እናውቀዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ሰውየው የነገረን አልነበረም።

ሮበርት ሁክ በ1635 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ሕመም የማይለየው ልጅ ስለ ነበረ ቤት ውስጥ ነው የተማረው። አንድ የተፈታ የነሐስ ሰዓት አይቶ በእንጨት አስመስሎ ቢሠራ ሰዓቱ ሄደለት ይባላል። አባቱ በ1648 ሲሞቱ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ወደ ለንደን ሄዶ ፒተር ሌሊ ከሚባል የታወቀ ሠዓሊ ዘንድ ገባ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ተወው። የቀለሙ ሽታ ራሱን እያመመው ነው የሚሉ አሉ። ከዚያም የዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩት ቡዝቢ ወደ ቤታቸው አስገብተው አስተማሩት። የኚህን መምህር ስም ሳናነሳ ማለፍ ለእኛ ለዕጩ መምህራን አይሆንልንም።

በኦክስፎርድ የሮበርት ቦይል ረዳት ሆኖ የአየር መሳቢያ መሣሪያ ሠራለት። በ1662 የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ የሙከራ ኃላፊ አደረገው። ሥራው በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሦስት አራት ሙከራ አዘጋጅቶ ማሳየት ነበር። እስቲ አስቡት፣ እኛ በወር አንድ የማስተማሪያ መርጃ ሥሩ ስንባል ምን ያህል እንደምናጉረመርም!

ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ ማይክሮግራፊያ በ1665 ታተመ። በዚያ ዓመት በጎንደር አጼ ፋሲል ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ ቁንጫ፣ ቅማል፣ ጉንዳን፣ የዝንብ ዓይን በማይክሮስኮፕ እየታዩ ተሥለዋል። ዛሬ ህዋስ የምንለው ነገር በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም ያገኘውም በዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ሁክ ስሙን የሰጠው በቡሽ ውስጥ ላያቸው ትናንሽ ክፍሎች ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጣም ተጠግተን ስናይ ጠርቶ የሚታየን ቦታ እንደ ወረቀት ቀጭን ነው። ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይጠፋል፣ እግሯ ሲጠራ ጀርባዋ ይጠፋል። ሁክ አንድ ጊዜ አይቶ አልሣለም። ነፍሳቱን በልዩ ልዩ አቀማመጥና በልዩ ልዩ ብርሃን እየደጋገመ አይቶ እውነተኛ ቅርጿ ይህ ነው ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ነው እጁን ወደ ሥዕሉ የሚሰድደው። የዝንብ ዓይን በአንዱ ብርሃን ቀዳዳ የበዛበት ወንፊት ይመስለው ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት በወርቅ ምስማር የተሸፈነ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሾሉ ጉብታዎች። ጉብታው ከጎድጓዳው፣ ጥላው ከጥቁር ነጥቡ እንዳይምታታ ትልቁ ጭንቀቱ ይህ ነበር። ለጨለማ ጊዜም የጨው ውሃ የሞላበት የብርጭቆ ሉል መብራት ፊት እያስቀመጠ ብርሃኑን ነፍሳቷ ላይ ይሰበስባል። የዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጥራቱን ትንሽ በትንሽ እያዛወሩ ብዙ ፎቶ አንስተው በኮምፒዩተር አንድ የሚያደርጉት የእሱኑ ዘዴ ነው።

ጉንዳን ግን አስቸገረችው። እግሯን በሰም ቢያጣብቀው ሰውነቷን ትጠማዘዛለች፤ ቢገድላት ትጨማደዳለች። በመጨረሻ ከወይን የወጣ ጠንካራ አረቄ ውስጥ ነከራት። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሞተች ተጋድማ ቆየችና ድንገት ከስካሯ ነቅታ ሮጠች። እኛ አረቄ አያስፈልገንም፤ የደባርቅ ብርድ ይበቃል። ማለዳ ፀሐይ ሳይወጣ ነፍሳት ደርቀው ስለሚያድሩ ተጎንብሶ በቁመታቸው ልክ፣ ከጎን በኩል ማንሳት ነው። ከላይ ሆኖ ማንሳት ጀርባ ብቻ ያሳያል።

ሁክም ቁንጫን ከጎን ነው የሣላት። እግሮቿ አንዱ ካንዱ ሳይደራረቡ፣ ከኋላዋ ምንም ሳይኖር፣ ተጣጥፎ መጽሐፉ ውስጥ በሚገባ ትልቅ ወረቀት ላይ። ቅማሏን ደግሞ አንዲት የሰው ጸጉር አስጨብጧታል። በኛ አስተያየት ከሥዕሎቹ ሁሉ ብልሃት ያለበት ይህ ነው፤ ጸጉሩን ያየ ሰው የቅማሏን መጠን ሳይነገረው ያውቃል። ቅማሏን ከራሱ እጅ ደም እያስመጠጠም ተመልክቷታል። ታይፈስ የሚባለውን ተስቦ የምታስተላልፈው ይህችው ቅማል መሆኗ የታወቀው ገና በ1909 ስለሆነ አደጋውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ብርድ ባለበት በኛ አገር ተስቦና ግርሻ የስንቱን ቤት እንደዘጋ ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ ከተማዋን እየለኩ መልሰው ካሠሯት ሰዎች አንዱ ሆነ። ከኒውተን ጋር ግን በብርሃንና በስበት ጉዳይ ተጣልተው ሳይታረቁ ቀሩ። በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ በማርች 1703 በግሬሻም ኮሌጅ ባለው ክፍሉ ሞተ። በዚያው ዓመት ኒውተን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሥዕሉን ኒውተን አስጠፋው እየተባለ ይወራል፣ ማስረጃ ግን የለም። የሆነ ሆኖ የሁክ ነው ተብሎ የተረጋገጠ የመልክ ሥዕል ዛሬ የለም። መልኩን ልሣል የሚል ሰው ያለው የሚያውቁት ሰዎች ጽፈው የተዉት ብቻ ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ራሱ ትልቅ፣ ዓይኑ ግራጫ።