አርቺ ሊግ፦ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ፈር ቀዳጅ

በዓለም የመጀመሪያዎቹ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ተርታ የሚመደቡት አሜሪካዊው አርቺ ሊግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ተወለዱ። በወጣትነታቸው በአውሮፕላን የአየር ላይ ትርዒት ያሳዩ ነበር።

በ1929 የሴንት ሉዊስ ከተማ በላምበርት አውሮፕላን ማረፊያ ቀጠራቸው። ማማም ሆነ ሬዲዮ ስላልነበረ ወንበራቸውን፣ ጃንጥላቸውንና ሁለት ባንዲራዎችን በእጅ ጋሪ ጭነው ወደ ሜዳው ይወጡ ነበር። ቀዩ ባንዲራ አብራሪው ባለበት እንዲቆይ፣ ዳማ መሰሉ ደግሞ እንዲቀጥል ያመለክታል። አብራሪው ግን በድምፅ መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም፤ ምልክቱን ካላየ ለግጭት አደጋ ይጋለጥ ነበር።

በ1930ዎቹ ማረፊያው ባለ ሬዲዮ ማማ ሲያገኝ አርቺ ሊግ የማማው የመጀመሪያ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አብራሪና ተቆጣጣሪ በድምፅ መነጋገር ቻሉ። ዛሬም የግል አውሮፕላን አብራሪዎች ማማ ወዳለው ማረፊያ ሲቃረቡ መለያቸውን፣ የሚገኙበትን ሥፍራ፣ ከፍታቸውንና ዓላማቸውን አስቀድመው በሬዲዮ ያስታውቃሉ፤ የተሰጣቸውን መመሪያም ደግመው በማንበብ በትክክል መስማታቸውን ያረጋግጣሉ።

አርቺ ሊግ በ1937 የፌዴራሉን መንግሥት አገልግሎት ተቀላቅለው እስከ ከፍተኛ ኃላፊነት ደርሰዋል። በ1973 በጡረታ ተገልለው በ1986 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአገሪቱ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ብሔራዊ ማኅበር የበረራ ደኅንነትን ላስጠበቁ ባለሙያዎች በስማቸው የተሰየመ ሜዳሊያ ይሸልማል።