ሰር ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ (1819–1903)

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነገር ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሣው ጦር የመሩና መንግሥት ያቆሙ ናቸው። እኛ ግን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው በብርጭቆና በብዕር ብቻ ሲሠራ የኖረውን አንድ ሊቅ ነው። ይህ ሰው አገራችንን አላያትም፤ ዳሩ ግን የድካሙ ፍሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ደርሷል። እንዴት እንደ ደረሰ ከታሪኩ እንረዳለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ኦገስት 13 ቀን 1819 በምዕራብ አየርላንድ፥ ስላይጎ በሚባለው አውራጃ፥ ስክሪን በተባለች የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አባቱ የቀበሌዋ ቄስ ነበሩ፤ እርሱም የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። በደብሊንና በብሪስቶል ከተማረ በኋላ በ1837 በካምብሪጅ ወደሚገኘው ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። በ1841 በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፈተና ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በ1849 ቀድሞ ታላቁ ኒውተን በተቀመጠበት የሒሳብ ፕሮፌሰርነት ወንበር ተሾመ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ድረስ ከ50 ዓመት በላይ በዚያው ወንበር አስተማረ።

ስቶክስ በመጀመሪያ የመረመረው የፈሳሽን አካሄድ ነው። ማር ከውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚፈስስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስቶክስ ግን ይህን ዝልግልግነት በሒሳብ ለክቶ በፈሳሽ ወይም በአየር ውስጥ የምትወርድ ትንሽ ክብ ነገር ምን ያህል እንደምትገታ በ1851 በታተመ ጽሑፉ አሳየ። በክረምት በጮቄ ተራራ ላይ የሚተኛው ጉም የውሃ ነጠብጣብ ሆኖ ሳለ ለምን ወዲያው እንደማይወድቅ በዚሁ ሕግ ይታወቃል፤ ነጠብጣቦቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው አየሩ ስለሚይዛቸው ነው። መንገዱ በጠበበና ነገሩ ባነሰ መጠን የፈሳሹ ዝልግልግነት ራሱ ባይለወጥም ተጽዕኖው እየበረታ እንደሚሄድ ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ሥራው ስለ ብርሃን ነው። የኪኒን ውሁድ የተጨመረበት ውሃ ፀሐይ ሲነካው ላዩ ሰማያዊ እንደሚመስል ጆን ሄርሼል የተባለ ሊቅ በ1845 ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልተገለጠም ነበር። በወባ ላይ የሚሰጠው ኪኒን ለሁላችንም የታወቀ መድኃኒት ነው። ስቶክስ የፀሐይን ብርሃን በመስኮት ቀዳዳ አስገብቶ በፕሪዝም ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ከፈለው፤ የኪኒኑንም ውሃ በብርጭቆ ቱቦ ይዞ ከቀለም ወደ ቀለም አሻገረው። በቀዩ፥ በቢጫውና በአረንጓዴው ውስጥ ምንም አልታየም። ወደ ሐምራዊው ጫፍ ሲደርስ ግን ውሃው በሰማያዊ ብርሃን ፈካ፤ ከሐምራዊው አልፎ ለዐይን ጨለማ በሆነው ስፍራም መፍካቱን አልተወም። እንግዲህ ውሃው የማይታየውን ብርሃን ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን አድርጎ መለሰው ማለት ነው። ስቶክስ ይህን በ1852 አስታውቆ ፍሎርስፓር ከተባለው ማዕድን ስም አውጥቶ ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። በ1864ም ብርሃን ዕፀዋትና እንስሳት የሚሰጧቸውን ንጥረ ነገሮች ለይቶ ለማወቅ እንደሚጠቅም አስተማረ።

ኑሮው የተደላደለ አልነበረም። የፕሮፌሰርነቱ ደመወዝ ጥቂት ስለ ነበር በለንደን ተጨማሪ ትምህርት ያስተምር ነበር። በ1857 ሜሪ ሮቢንሰንን ባገባ ጊዜ የኮሌጁ ደንብ ያገባ ሰው ስለማይቀበል የኮሌጁን አባልነት ለቀቀ፤ ደንቡ ተለውጦ ወደ ስፍራው የተመለሰው በ1869 ነው። ከ1854 እስከ 1885 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ የሌሎችን ሊቃውንት ጽሑፍ ሲያነብና ሲያርም ኖረ። አንዳንድ ወዳጆቹ በሰው ሥራ ጊዜውን ጨረሰ ብለው ያዝኑ ነበር። እኛ ግን ይህ አገልግሎት ከክብሩ የሚቀንስ አይመስለንም። በኋላም ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መራ፤ በ1889 የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1903 በካምብሪጅ ዐረፈ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሳንባ ነቀርሳ ሕዝባችንን ለረዥም ዘመን የጎዳ በሽታ ነው። ተዋስያኑን በአጕሊ መነጽር መፈለግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ብዙ በሽተኞች ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ መድኃኒት የለመደውንም ተዋስ ለይቶ አያሳይም። ተዋስያኑን አራብቶ ማየት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጂን ኤክስፐርት የተባለውን መሣሪያ አጸደቀ፤ በአገራችንም በብዙ ሆስፒታሎች፥ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ጭምር፥ ሥራ ላይ ውሏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበሽተኛው አክታ ከማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በእጅ በምትያዝ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል። ፈሳሹ በዕቃዋ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይታጠባል፤ የተዋሱ ዘር ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. ወጥቶ ይባዛል። በዚያም አምስት ጠቋሚዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚፈልገውን የዘር ክፍል ሲያገኝ በፍሎረሰንስ ይፈካል፤ መሣሪያውም ያንን ፍካት ያነባል። አምስቱም ከፈኩ በሽታው አለ፤ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒትም ይሠራበታል ማለት ነው። ሌሎቹ ፈክተው አንዱ ጨለማ ሆኖ ቢቀር ግን ተዋሱ መድኃኒቱን ሳይለምድ እንዳልቀረ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጸማል። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን የመመርመሪያ ዕቃዎችን የሚሠሩ መሐንዲሶች ፈሳሹ በጠባብ ቦይ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰሉት ስቶክስ በተወው ሒሳብ ነው። በሕይወቱ ተለያይተው የቆሙት ሁለቱ ሥራዎቹ እንግዲህ በአንድ ሙያ ተገናኙ።

ከሩቅ ቆላ በእግሩ ተጕዞ ለመጣ ገበሬ ውጤቱን በዚያው ቀን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሳምንታት ጠብቅ የተባለ ሰው ስንቁ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በአንድ ጎጆ ከእርሱ ጋር የሚተኙ ልጆቹም በሽታውን ይወርሳሉ። ቶሎ የታወቀለት ግን የሚስማማውን መድኃኒት ጀምሮ ቤተሰቡን ያተርፋል።

ስቶክስ የኪኒኑን ውሃ ሲመለከት የነቀርሳ ተዋስ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሮበርት ኮክ ያገኘው በ1882 ነው። ስለዚህ ሥራው ማንን እንደሚያድን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ያየውን በትክክል መርምሮ በእውነት ጻፈ እንጂ። እኛም ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች የተማርነው ምን ይጠቅማል ብለን በምንጠይቅበት ጊዜ ይህን ሰው እናስብ። በጥንቃቄ የተሠራ ትንሽ ሥራ ሠሪው ካለፈ በኋላ እንኳ ለማያውቀው ሰው ይደርሳልና።