አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የአፍሪቃ እግር ኳስ

ልጃቸው ታሪካቸውን በመጽሐፍ ጽፈው ያቈዩልን አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቍጣጣሽ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ከመሰንቆው ይልቅ ኳሱን መረጡ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዓመት ተጫውተዋል።

ከሁሉ የሚደነቀው በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የሆነው ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ የአፍሪቃን የእግር ኳስ ማኅበር ሊያቋቁሙ ተሰብስበው ሳለ፣ የደቡብ አፍሪቃው መልእክተኛ አገራቸው ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቍሮችን ብቻ እንጂ ሁለቱን ደባልቃ እንደማትልክ አስታወቁ። አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪቃም ከውድድሩ ቀረች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ነበረችና ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈት ነውና አንደብቀውም።

ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ ብትቀድመውም፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። እኛ ኮሶዬ ላይ ኳሳችን ወደ ገደሉ ከወረደች ጨዋታው በዚያው ያበቃል፤ እነዚያ ግን 120 ደቂቃ ሮጡ!

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የዘር መድልዎ እስካለ ድረስ ደቡብ አፍሪቃ እንዳትመለስ ተከራከሩ። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት ነው። በ1988 ዓ.ም. ነጩም ጥቍሩም አብሮ የተሰለፈበት የደቡብ አፍሪቃ ቡድን የአፍሪቃን ዋንጫ ሲያነሣ እርሳቸው አልነበሩም።